ለቅሶን የሚፈራ እምነት

በሆሣዕና እሑድ፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ለማያውቀው ሰው ግር የሚያሰኝ ሥርዓት ይፈጸማል። ሕዝቡ ዘንባባውን በግንባሩ አስሮ፣ በጣቱም እንደ ቀለበት አጥልቆ ቆሞ ሳለ ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ። አስከሬን የለም። የሞተ ሰውም የለም። ከማግሥቱ ሰኞ ጀምሮ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ ይጸለይላቸዋል። ማን እንደሚያርፍ ደግሞ ማንም አያውቅምና ጸሎቱ ለሁሉም ነው። መቋሚያ ተደግፈው የቆሙት አዛውንትም፣ በእናቱ ጀርባ የተኛው ሕፃንም፣ ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ የቀጠረው ወጣትም የገዛ ፍትሐታቸውን በቁማቸው ሰምተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ያው ወጣት ከሰዓት በኋላ ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው ቋንቋ ሌላ ነው። ይህ ወር የአንተ ወር ነው። በሽታ በዚህ ቤት ስፍራ የለውም ብለህ አውጅ። አሜን ብለህ ለሰባት ሰው ላክ፣ ማታ የምሥራች ትሰማለህ። መልእክቱን የሚልከው አንዳንዴ ራሱን ነቢይ ብሎ የሾመ ሰው ነው፤ አንዳንዴ በጠበል ቦታ ካሜራ አስተክሎ የሚያጠምቅ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ማንም ያልሾመው፣ ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ ነው። ጉዳዩ የአንድ ቤተ እምነት ጉዳይ አይደለም። ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ቤት ገብቷል።

ሁለቱም ክርስትና ይባላሉ። ነገር ግን ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲያጣ፣ ልጁን ሲቀብር ሁለቱ የሚያስይዙት ነገር አንድ አይደለም። ይህን የሥነ መለኮት ተማሪዎች ክርክር አድርጎ ማለፍ ይቻል ነበር። ደመወዝ ወር ሳይጋመስ በሚያልቅበት፣ በብዙ አካባቢ መንገድ የወጣ ሰው በሰላም ስለመመለሱ እርግጠኛ መሆን ባልተቻለበት ጊዜ ግን እንዲህ ማለፍ አይቻልም። በመከራ ጊዜ ሰው እምነቱን በምን ይዞት ይቆያል? አሁን በብዛት እየተሰጠው ያለው ነገር ይዞ የሚያቆየው ነው ወይስ በመጀመሪያው ከባድ ቀን የሚበጠስ?

ከሁሉ አስቀድሞ መባል ያለበት ነገር አለ። ፈውስን መለመን ክርስትና ነው። ወንጌል በታመሙ ሰዎች የተሞላ ነው፤ ዕውሩም፣ ለምጻሙም፣ ደም የሚፈስሳትም ሴት ዳኑ ተብሎ ተጽፏል። ለታመመ ልጇ ጠበል ይዛ የምትሮጥ እናትን፣ ሌሊቱን ሙሉ በጸሎት የሚያድር የቤት ኅብረትን የሚነቅፍ ሰው ካለ መከራን አያውቅም። ችግሩ ያለው ልመናው ላይ አይደለም፤ ለምኖ ያልዳነ ሰው ምን እንደሚባል ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚባለው ይታወቃል። እምነትሽ ስላነሰ ነው። ያልተናዘዝከው ነገር አለ። ከአያትህ የወረደ መንፈስ ነው። የሰው ዓይን ነው፣ የጎረቤት እጅ አለበት። እንዲህ የተባለ በሽተኛ ሁለት ሸክም ይዞ ይቀራል፤ አንዱ ሕመሙ ነው፣ ሁለተኛው ለሕመሙ ጥፋተኛው ራሱ መሆኑ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩላሊት እጥበት የሚመላለስ ሰው፣ ለአንዱ ቀን የሚከፍለውን ከማን እንደሚበደር እያሰበ ተኝቶ፣ በላዩ ላይ "ብታምን ኖሮ" የሚል ድምፅ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግልጽ ነው፤ መታመሙን መደበቅ ይጀምራል። ጉባኤ ላይ "እንዴት ነህ?" ሲባል "ድኛለሁ" ይላል። ሲብስበት ይቀራል። ሲሞት ደግሞ ምን እንደገደለው በሹክሹክታ ይወራል እንጂ በግልጽ አይነገርም።

ይህ ግምት እንዳይመስል የኤች አይ ቪን ዘመን ማስታወስ ይበቃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጠበል ተጠግተው ይኖሩ ከነበሩት ሕሙማን መካከል መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። ጠበል እየጠጡ ክኒን መዋጥ እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው ተብለው ነበር። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ ተናገሩ። ቃሉ ቀላል ነው። ግን ከመንበሩ እስኪነገር ድረስ ስንት ሰው ክኒኑን ትቶ እንደተቀበረ የቆጠረ የለም። አሁንም የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቱን "ተፈውሰሃል" ተብሎ የጣለ ሰው የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ይህን ትእዛዝ የሰጠው ሰው በሽተኛው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ሆስፒታል አይገኝም። ቀብር ላይ ከመጣ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው።

የኢዮብ ታሪክ በዚህ አገር ያልተሰበከበት ዓመት የለም። ሁልጊዜ የሚሰበከው ግን መጨረሻው ነው፤ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ የተመለሰለት፣ እንደገና ልጆች የወለደው ኢዮብ። መሐሉን ሰባኪ ሁሉ ይዘለዋል። መሐሉ ከሠላሳ ምዕራፍ በላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ምዕራፍ ውስጥ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ከእግዚአብሔር ጋር እከራከራለሁ ይላል፣ ለምን ይላል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ግሩም ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው። የተናገሩትም ዛሬ የሚነገረውን ነው፤ ያጠፋኸው ነገር ቢኖር ነው እንጂ እንዲህ አትሆንም ነበር አሉት። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በተከራከረው በኢዮብ ላይ አይደለም፤ እርሱን ደግፈው ተናግረናል ብለው ባሰቡት በወዳጆቹ ላይ ነው። ይህ ምዕራፍ በየመድረኩ አንድ ጊዜ ቢነበብ ብዙ ሰው ዝም ይል ነበር።

መዝሙረ ዳዊትም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ ዳዊትን ያውቃል፤ ፊደል የቆጠረበት፣ በየቀኑ የሚደግመው፣ በአስከሬን አጠገብ የሚያነበው እርሱን ነው። ከመቶ ሃምሳው ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ የለቅሶ መዝሙሮች ናቸው። በግዕዙ ቁጥር ሰማንያ ሰባተኛው፣ በሌላው አቆጣጠር ሰማንያ ስምንተኛው መዝሙር በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። በመጨረሻ ብቅ የሚል ብርሃን፣ "ነገር ግን አመሰግንሃለሁ" የሚል መዝጊያ የለውም። ያሰባሰቡት አባቶች ይህን ሳያዩት አልቀሩም። ግን አላወጡትም፣ መጨረሻውንም አላሳመሩትም። እንዲያ ያለ ቀን ለሚመጣበት ሰው አፍ እንዲሆነው ተዉት። ባሏን የቀበረች ሴት ገና በሠልስቱ "አታልቅሺ፣ አማኝ አይደለሽም ወይ?" ስትባል ይህን አፍ ነው የሚነጥቋት። ክርስቶስ ራሱ አልዓዛርን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አልቅሷል። ለቅሶ እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ ምን ይሠራል?

በእርግጥ የቀድሞው ልማድም ንጹሕ አልነበረም። ፊት መንጨቱ፣ ደረት መድቃቱ፣ መሬት ላይ መውደቁ ቤተ ክርስቲያን ደጋግማ የከለከለችው ነገር ነው፤ ትክክልም ነበረች። ተዝካር ለማውጣት በሬውን የሸጠ፣ መሬቱን በአራጣ ያስያዘ፣ ሟቹን አክብሮ ሕያዋኑን ያስራበ ቤተሰብ ስንት ነበር! ይህን የነቀፉት ወንጌላውያንም ሆኑ የተማሩ ካህናት ምክንያት ነበራቸው። ፊት አትንጩ ከማለት ተነሥቶ አታልቅሱ እስከማለት ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ ብዙ ሰባኪ ሳያስተውለው ጨርሶታል።

አማርኛው ራሱ ምስክር ነው። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይላል። ኀዘናችሁን ያጥፋላችሁ አይልም። መጽናናት የሚለው ቃል ከጽናት ጋር አንድ ሥር ነው ያለው፤ ለመንፈስ ቅዱስ የተሰጠው "አጽናኝ" የሚለው ስምም ከዚያው ይወጣል። ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች የተቸገረ ሰው የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ የገባቸው ይመስላል፤ ነፋሱ እንዲቆም ከመመኘት በፊት ዛፉ ሥር እንዲኖረው ፈለጉ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ መልስም ይገባዋል። "ይህ መከራን ቻሉ የሚል ስብከት አይደለም ወይ? ድሃውን ዝም ያሰኘው፣ ገባሩን ለዘመናት አንገቱን ያስደፋው ይኸው አይደለም? ቢያንስ እነዚያ የብልጽግና ሰባኪዎች ሰውን ተነሥ ይሉታል፣ ይገባሃል ይሉታል" የሚል ነው። ከተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ጀምሮ የሚሰማ ክስ ነው፤ ውሸት ብቻም አይደለም። ቻል የሚለውን ቃል ጌቶች ወደውታል። ነገር ግን ታሪኩ ሲታይ ሞትን በዓይኑ ያየ እምነት ለኃያላን የተመቸ ሆኖ አያውቅም።

አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ሲወድቁ ከእርሳቸው የተፈለገው ጥቂት ነገር ነበር፤ አርበኞችን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ። እምቢ አሉ። ከዚያ 43 ዓመት ቆይቶ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ውስጥ ከአምልኮ ሲወጡ ታፈኑ። ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ መንጋውን ትቼ አልሄድም ብለው አልተቀበሉትም። በሰማይ ስላለው እየሰበከ የምድሩን የረሳ ሰውም አልነበሩም። በ1964 ዓ.ም ቤተ ክርስቲያናቸው ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የላከችው ታዋቂ ደብዳቤ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይታችሁ አትርዱ የሚል ነበር፤ ወንጌልና ልማት የአንድ ሰው ሁለት ፍላጎቶች ናቸው ብሎ የምዕራቡን ዓለም ለጋሾች የሞገተ ነው። በዚያው በ1971 ዓ.ም ክረምት፣ ደርግ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ከመንበራቸው አውርዶ ያሰራቸው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። ሁለቱ ሰዎች በእምነት ሥርዓታቸው አይገናኙም ነበር። ገዳያቸው ግን አንድ ነበር፤ ሁለቱም የት እንደተጣሉ የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው የሚስቲቱ ታሪክ ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ባላቸው በታፈኑበት ሌሊት አብረው ነበሩ። ወራት ቆይቶ ራሳቸው ታሰሩ፤ ተሠቃዩ፤ ፍርድ ሳይሰጣቸው አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቤት ቆዩ። ልጆቻቸው ተበተኑ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባላቸው በሕይወት ይኑር ይሙት የነገራቸው መንግሥት የለም። የጉዲናን አጽም ለመቅበር አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ። ከእስር ከወጡ በኋላ እምነታቸውን ሲመሰክሩ ኖረው በ2007 ዓ.ም አረፉ። ለእኚህ ሴት በእስር ቤት ውስጥ ማን ነበር "ይህ ዓመት የድል ዓመትሽ ነው" ሊላቸው የሚችለው? አንዱን ዓመት ብሎ፣ ሁለተኛውን ብሎ፣ በሦስተኛው ነቢዩ ራሱ ያፍር ነበር። ያጸናቸው ነገር ቀጠሮ የሌለው ነገር መሆን ነበረበት።

መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሌላዋ ምሳሌ ናት። በ1974 ዓ.ም ደርግ ዘጋት፣ ንብረቷን ወሰደ፣ መሪዎቿን ለዓመታት አሰረ። ስትዘጋ አምስት ሺህ ገደማ አባላት ነበሯት። መድረክ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም፣ መዘምራን የሉም። አባላቱ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መጋረጃ ጋርደው ተሰበሰቡ። እርስ በርስ ተዋወቁ፤ ማን እንደታመመ፣ የማን ባል እንደታሰረ፣ የማን ቤት ዱቄት እንዳለቀ ያውቁ ነበር። ደርግ ሲወድቅ በሩ ሲከፈት ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል ብሎ ደረቅ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ በኑቢያም በሰሜን አፍሪካም ጠፍታ የቀረችበት ጊዜ አለ። ግን እነዚህ ሰዎች ያን ዘመን ያለፉት በትልቅ ትንቢት አለመሆኑ የታወቀ ነው። በትንሽ ክፍል ነው።

እነዚህ ሁሉ መሪዎችና የታወቁ ሰዎች ናቸው ቢባል፣ ሊቢያ ላይ የታረዱት አልነበሩም። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም አይሲስ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ዳግም ትንሣኤ። ሰው ገና የፋሲካን ሰላምታ እየተለዋወጠ ነው። ሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ፤ ሁለቱ ልጆች ባደጉበት በቂርቆስ ሰፈር ድንኳን ተተከለ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አለቀሰ። ልጆቹ መነኮሳት አልነበሩም። ሥራ ፍለጋ የወጡ፣ በረሃ አቋርጠው ባሕር ሊሻገሩ ያሰቡ የድሃ ቤት ልጆች ናቸው። እንጀራ ፈልገው ሄደው ምስክርነት ተጠየቁ። ለወላጆቻቸው በዚያች ቀን "ልጅህ አምኖ ቢሆን ይጠበቅ ነበር" የሚል ሰው ቢመጣ ሰፈሩ በድንጋይ ያባርረው ነበር፤ ደግሞም የመጣ የለም። ታዲያ በካንሰር ልጇን ለቀበረች እናት ይኸው ቃል በየሳምንቱ ሲነገር ለምን ማንም አይቆጣም? የሞቱ ምክንያት ይለያያል እንጂ የእናቲቱ ጥያቄ አንድ ነው።

እርግጠኛ አለመሆን ከሞትም ይከብዳል። የመርዶ ልማድ ይህን ያውቅ ነበር፤ ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ጎረቤት ተነግሮ፣ ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳክቶ፣ ዘመድ ሁሉ ከበው ሳሉ ነው ቃሉ የሚወጣው። ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ እንዲሰማ አይደረግም ነበር። ዛሬ ቤይሩት ወይም ጂዳ የሞተች ልጅ ፎቶ "ነፍስ ይማር" ተብሎ ሲለጠፍ እናቷ ሳትሰማ ጎረቤት ይሰማል። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ደግሞ ብዙ ቤት ለረጅም ጊዜ መርዶም ሳይደርሰው ተስፋም ሳይጨበጥለት ቆየ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም በትግራይ ለሦስት ቀን ኀዘን ሲታወጅና ለቤተሰቦች መርዶው ሲነገር፣ ብዙ ወላጆች ለሁለትና ሦስት ዓመት ሲጠራጠሩት የኖሩትን ያን ጊዜ አለቀሱት። በአማራም በኦሮሚያም በአፋርም የት እንደወደቀ ያልታወቀ ልጅ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ለእነዚህ ሰዎች "ይመለሳል፣ አይቼዋለሁ" ብሎ ትንቢት መናገር ጭካኔ ነው። ቢመለስ ምስጋናው ለነቢዩ ይሆናል፤ ባይመለስ ኪሳራው የእናቲቱ ብቻ ነው።

እንዲያውም ለእንዲህ ያለው ቤት ከሁሉ የተሻለ ስብከት የሚሰጠው ስብከት የማያውቀው እድር ነው። ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ማንም ለምን እንደሞተ አያብራራም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ካርታ እየተጫወተም ቢሆን ያድራል። የኢዮብ ወዳጆች የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቀናት የሠሩትን እድርተኛ ሳያነብ ይሠራዋል። ሆኖም እድርም ኃጢአት አለበት። "ሃይማኖቱን ቀይሯል" ተብሎ ከእድር የተሰረዘ፣ አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የተመለሰ፣ ልጆቹ መቃብር ፍለጋ ከተማ ለከተማ የዞሩለት ሰው ነበር። ወንጌላውያኑ የራሳቸውን እድርና መካነ መቃብር ያቋቋሙት ወደው አይደለም። አሁን በብዙ ሰፈር ይህ ቀርቷል፤ ባልቀረበት ግን የክርስቶስን ስም ይዞ የሞተን ሰው ከመሬት መከልከል ምን ዓይነት ኦርቶዶክሳዊነት እንደሆነ የሚያስረዳ ካህን አይገኝም።

የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም፤ ገንዘብም አይፈልግም። የሚያጠምቅም ሆነ እጅ የሚጭን ሰው "መድኃኒትህን አቁም" የሚል ቃል ከአፉ እንዳይወጣ የየቤተ እምነቱ መሪዎች በግልጽ ይከልክሉ፤ የተናገረውንም በስሙ ጠርተው ከአገልግሎት ያግዱ። ሲኖዶሱም ሆነ የወንጌላውያኑ ኅብረት ለዚህ የሚሆን ሥልጣን አላቸው፤ በሌላ ነገር ሲጠቀሙበት ይታያሉ። ካህኑ የንስሐ ልጁ ከታመመ ለጸሎት ብቻ ሳይሄድ ክኒኑን መዋጡንም ይጠይቅ፤ የንስሐ አባት ቃል ከሐኪም ቃል የሚበልጥበት ቤት ብዙ ነው።

ሁለተኛው የምስክርነት ሰዓት ነው። በየጉባኤው መድረክ ላይ ወጥቶ የሚናገረው የዳነው፣ ቪዛ ያገኘው፣ መኪና የገዛው ነው። እሰየው፤ ይናገር። ከእርሱ ቀጥላ ደግሞ ስድስት ወር አስታማ ባሏን የቀበረች ሴት ማይክሮፎን ይሰጣት። ጸለይኩ፣ አልዳነም፣ አሁንም እጸልያለሁ ትበል። እንባ ከያዛትም ፒያኖው አይጀምር፣ መድረክ መሪው "ሃሌ ሉያ" ብሎ አያቋርጣት። ከኋላ ወንበር ላይ ሐኪም የነገረውን ወረቀት በኪሱ ይዞ፣ ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር የተቀመጠ ሰው ሊኖር ይችላል። የዚያን ቀን ቤቱ ሲገባ ይነግራት ይሆናል።